ያልተጠራ ወንፈል

እኛ መንዜዎች የሰው ጉልበት በልተን አንቀርም። ያጨደልህ ሰው ተራው ሲደርስ፣ ማጭድህን ይዘህ ወንፈሉን ትመልስለታለህ። ካልሄድክ ስምህ አለቀለት! እነዚያ ሰዎች የገቡብን በዚሁ በኩል ነው።

የታናሽ እህቴ ባል ለሥራ ብሎ አዲስ አበባ ሄዶ በዚያው ቀረ። ገብሷ ደርሶ፣ ሰማዩ በረዶ ቋጥሮ፣ አጫጅ አጥታ ስትንቆራጠጥ፣ ከገደሉ ሥር አዲስ የሰፈሩት «ወንድሞችና እህቶች» ሳይጠሩ መጡላት። ማሳውን በአንድ ቀን አጭደው ከመሩት። ጠላ እንኳ አልቀመሱም። «ምንም አንፈልግም» አሉ።

ያሰራት ይኸው ቃል ነው። ውለታ ስለማትችል ወንፈሏን ልትመልስ ሄደች። እዚያ አቅፈው ተቀበሏት፤ ሆድ እስኪብሳት ስለ ባሏ ጠየቋት፣ አብረዋት አለቀሱ። እውነቱን ልናገር፣ ከእኛ ማን እንዲያ ጠይቋት ያውቃል? ደግማ ሄደች። በሦስተኛው ጊዜ የልቧን ምስጢር ጉባኤያቸው ፊት ቆማ ተናገረች። «አባታችን» የሚሉት ጎልማሳም «ዘመድሽ ይህን ቢሰማ ይጸየፍሻል፤ እኛ ግን አውቀን ወደድንሽ» አላት። ይህን ራሷ ነገረችኝ፣ ያውም ደስ ብሏት! ከዚያ ወዲያ ገብታ ቀረች። የአጎታችን ለቅሶ ላይ እንኳ አልመጣችም። ከለቅሶ የቀረ ሰው በእኛ አገር በምን ዓይኑ ይመለሳል? እነሱም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

ዘንድሮ የእናታችን ገብስ ደረሰ። ከማስተምርበት ከቀየት ከተማ ስመጣ፣ ሰዎቹ ማሳችን ውስጥ ተሰልፈው ያጭዳሉ። እህቴ መሃላቸው ናት፣ ክስት ብላ። ደሜ ፈላ።

«እማዬ፣ ማን ጠራቸው?»

«ማንም።»

«ታዲያ አታባርሪያቸውም?»

«ዓመት ሙሉ ያላየኋትን ልጄን ላባርር?» አለች፣ ዓይኗን ከእህቴ ሳትነቅል።

ቀኑን ሙሉ ማሳው ዳር ተቀምጣ አየቻት። እህቴ አንዴ ቀና ብላ ሳቀችላት፤ እናቴ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ሲመሽ ሰዎቹ ምንም ሳይቀምሱ እህቴን ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ ማለዳ እናቴ ደጃፉ ላይ ማጭዷን ስትስል አገኘኋት።

«ወዴት ነው?»

«ወንፈል ልመልስ።»

«እማዬ፣ በሞቴ! ወጥመድ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ወንፈል የሚመልስ ሰው ማታ ቤቱ ይገባል። እናቴ ግን የቤቱን ቁልፍ እጄ ላይ አኑራ ወደ ገደሉ ወረደች።