ልክነው እና የልጁ ከስክስ

ወንድሜ ሰው ሲያይ ከእግር ነው የሚጀምረው። ፊትህን የሚያየው ጫማህን አይቶ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ እሱም ለይሉኝታ። እኔ ሳገባ፣ ሙሽራው ገና በሩን ሲገባ ቁልቁል አየውና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ይኼ ሰውዬ ሶሉን የሚጨርሰው ባንድ ወገን ነው፤ ወይ ችኩል ነው ወይ ውሸታም» አለኝ። ተቆጣሁት። ሰውዬው ሁለቱንም ሆኖ ተገኘና በአራተኛው ዓመት ጓዜን ጠቅልዬ ወንድሜ ቤት ገባሁ። «አላልኩሽም?» አላለኝም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ያለኝ «ጫማሽ ጠቦሻል፣ አውልቂው» ብቻ ነው።

ሰፈሩ በሙሉ «ልክነው» ይለዋል። እናትና አባታችን ያወጡለት ስም አይደለም፤ ሥራው ያወጣለት ነው። ለሃያ ሁለት ዓመት በጦር ሰፈሩ ንብረት ክፍል ለምልምሎች ከስክስ ጫማ ሲያድል ኖሯል። ምልምሉ ተሰልፎ ይመጣል፤ ወንድሜ ከመደርደሪያ አንድ ጥንድ ያወርድለታል፤ ልጁ ያጠልቃል። ወንድሜ «ልክ ነው?» ይላል። ልጁ ተረከዙን አጋጭቶ «ልክ ነው!» ይላል። ይፈርማል፤ ቀጣይ! ባንድ ጠዋት ሦስት መቶ ሰው እንዲህ ያልፋል፤ «ልክ አይደለም» ያለ ግን አንድም አልነበረም። ወንድሜም ዓይኔ ሜትር ነው እያለ ይኩራራ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ረጅም ምልምል እያነከሰ ወደ እሱ ይመጣል። ጫማውን ሲያስወልቀው የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሮ ሊወድቅ ደርሷል። እግሩ አርባ አራት፣ ጫማው አርባ አንድ። ወንድሜ ደሙ ፈላ። «ልክ ነው? ብዬ ስጠይቅህ ልክ ነው አላልከኝም?» ብሎ ጮኸበት። ልጁ ባንድ እግሩ እንደቆመ ቀጥ ብሎ «ልክ ነው!» አለ።

ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ምልምል በመጣ ቀን መጀመሪያ የሚማረው፣ አለቃ ለተናገረው ሁሉ «ልክ ነው!» ብሎ መመለስን ነው። ወንድሜ የሚጠይቀው ስለ ጫማው ልክ ነበር፤ እነሱ የሚመልሱት አለቃቸው ልክ መሆኑን ነው። ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ይዘው ሳይገናኙ ኖሩ! ይህን ሲያወራ ዛሬም ድምፁ ዝቅ ይላል። «ስንቱን አስነክሼው ይሆን?» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄውን ለወጠ፤ «የት ነው የሚያምህ?» ማለት ጀመረ። «ያምሃል ወይ?» አይደለም። ያምሃል ወይ ያልከው ወታደር አያመኝም ይላል፤ የት ነው ያልከው ግን ሳይወድ በግዱ እግሩን ያስባል። ታሪኩን ለጓደኞቹ የነገራቸው ቀን ስሙ ወጣለት፤ እሱም አልከፋውም።

ጡረታ ሲወጣ ከጦር ሰፈሩ በር ፊት ለፊት የከስክስ ሱቅ ከፈተ። የእኔ የልብስ ስፌት ከጎኑ ነው፤ በመሃላችን ያለው አንድ የጣውላ ግድግዳ ስለሆነ የማይሰማኝ ነገር የለም። ጠዋት ለመጣ ደንበኛ አይሸጥም። «እግርዎ ገና አልነቃም፤ ከሰዓት ሲያብጥ ይምጡ» ብሎ ይመልሰዋል። ከሰዓት የመጣውን ደግሞ የራሱን ወፍራም ካልሲ ያስለብስና አሥራ አምስት ኪሎ የአሸዋ ከረጢት ያሸክመዋል። ከዚያ አዝምሞ በገጠመው ሳንቃ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ያስኬደዋል። ቁልቁል ሲወርድ ጣቱ የጫማውን ጫፍ ከነካ ያ ጫማ አበቃለት። አንዴ አንድ ወፍራም ሃምሳ አለቃ ሳንቃው ላይ ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ «ሰውዬ፣ ጫማ ልግዛ ነው ያልኩህ ወይስ ጦርነት ልሂድ?» አለው። ወንድሜም «ጫማው የት የሚሄድ መሰለዎት?» ብሎ መለሰለት። በሳቅ መርፌዬ ጣቴን ወጋችኝ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሰውዬ ነው በገዛ ልጁ የተሳሳተው።

ልጁ አንድ ናት፤ ነርስ ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግናት እሱና እኔ ነን። ሁለት ዓመት ክሊኒክ ከሠራች በኋላ፣ «ቁስለኛው እስኪመጣልኝ ከምጠብቅ፣ ያለበት ሄጄ ባክመው ይሻለኛል» ብላ በሠራዊቱ ሕክምና ክፍል ለመግባት አመለከተች። ሌላውን ፈተና ሁሉ አለፈች። የቀራት የጉዞው ፈተና ነበር፤ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር፣ ሙሉ ጓዝ ተሸክሞ፣ በአምስት ሰዓት ውስጥ። የወደቀ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ ይሞክራል፤ ሁለተኛ ከወደቀ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

ወንድሜ በደስታ አበደ። ልጅቷን ሱቅ ሳይጠራ፣ ሳንቃው ላይ ሳያወጣት፣ የክሊኒክ ጫማዋን ተደብቆ ለክቶ በሱቁ ካሉት ሁሉ የሚበረክተውን መረጠላት። ድርብ ሶል፣ ዙሪያውን የተሰፋ፣ ቆዳው እንደ በር የጠነከረ። ዘመድና ጎረቤት በተሰበሰበበት አወጣውና እግሯ ላይ ራሱ አጠለቀላት። ከዚያም ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ፣ ያንን የተወውን ጥያቄ ጠየቃት።

«ልክ ነው?»

ልጅቷ ያየችው ጫማውን አይደለም፤ ፊቱን ነው። «ልክ ነው አባዬ» አለች።

አሥራ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አቋረጠች። ለአባቷ ሆዴን አመመኝ አለችው። እኔ ግን እግሯን ስትታጠብ ደረስኩባት። ሁለቱም ተረከዟ ተልጧል፤ ጣቶቿ ውሃ ቋጥረዋል። «አክስቴ፣ እንዳትነግሪው» ብላ አስማለችኝ። «እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ሲለው አይቼው አላውቅም።» አንጀቴን በላችውና ማልኩላት።

ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ጫማ እያወጣ ይወለውለዋል። ሲያብረቀርቅ አንስቶ ያሳየኛል፤ እኔ መርፌ ላይ ክር የማስገባ መስዬ አቀረቅራለሁ። ሁለተኛው ፈተና ስድስት ሳምንት ሲቀረው ልጅቷ ክፍል ብገባ፣ ያንኑ ጫማ አልጋው ላይ አስቀምጣ ፋሻ ትቆርጣለች።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«እግሬን ጠቅልዬ እሄድበታለሁ። እንዴት እንደሚጠቀለል አውቃለሁ።»

«በዚህ ጫማ ሁለተኛ ከወደቅሽ ሦስተኛ የለም እኮ!»

«አውቃለሁ አክስቴ። ሌላ ጫማ ባደርግ ግን ለምን ይለኛል።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እሱ የተባለው ለአፍ ነው እንጂ ለእግር አይደለም። ጫማውን ከአልጋው ላይ መንትፌ፣ በቤት ነጠላ ጫማዬ መንገዱን አቋርጬ ሱቁ ገባሁ። መሐላዬን ያን ዕለት አፈረስኩ፤ አልጸጸትም።

«ወንድም ጋሼ፣ ለሰው ሁሉ የት ነው የሚያምህ ትላለህ፤ ልጅህን ጠይቀሃት ታውቃለህ?» ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩለት።

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጁን ጫማው ውስጥ ከትቶ ተረከዙን በጣቱ ዳሰሰ፤ ደግሞ ዳሰሰ። «የውስጡን ሶል ለምን ቀየርሽው ብያት ነበር» አለ። «ውሃ ነክቶት ነው አለችኝ። ዓይኔ እያየ አመንኳት። ማመን ፈልጌ ነው።» ጫማውን ከፊቱ ገፋ አድርጎ፣ «ነገ ከሰዓት ሱቅ ትምጣ በያት። እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ደንበኛ» አለኝ።

በማግስቱ መጣች። የማን እንደሆነ የማላስታውሰውን ሱሪ ይዤ በሱቁ በር ላይ ቆምኩ፤ በግድግዳ መስማት አልበቃኝም።

«እንደምን ዋሉ? ካልሲዎን ይዘዋል?» አላት።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል?»

«ደንበኛዬን አንቱ እላለሁ። ይሸከሙ።»

ከረጢቱን አሸክሞ ወረቀት ላይ አቆማትና እግሯን በእርሳስ ዙሪያውን ሣለ። ከዚያ ሥዕሉን አየ፤ አንቱታውም ጠፋው። «የግራሽ ይበልጣል። እንደ እኔ» አለ። «ይኸው ሃያ ሦስት ዓመትሽ፣ የስንቱን እግር ስለካ የአንቺን አለካሁም።»

የመጀመሪያውን ጥንድ አጠለቀችና ሳንቃው ላይ ወጣች። «የት ነው የሚያምዎት?»

«የትም።»

ክሩን ፈቶ አወለቀላትና መደርደሪያው ላይ መለሰው። ሁለተኛውን አመጣ። «የት ነው?» «የትም፣ ደህና ነው።» መለሰው። ሦስተኛው ላይ፣ «ይኼ እኮ ያምራል!» አለችው። «ቁንጅናውን አልጠየቅኩዎትም» ብሎ እሱንም መለሰው። እሷ መናደድ ጀመረች፤ እሱ ግን እንደ ድንጋይ ተቀምጧል። አራተኛውን አድርጋ ሳንቃውን ስትወርድ ቆም አለችና በጣም ቀስ ብላ «ትንሿን ጣቴን» አለች።

«አልሰማሁም።»

«ትንሿን ጣቴን ነው ያልኩህ! የግራዋን! ያኛው ደግሞ ተረከዜን ነው የላጠኝ! ባለፈው ዓመት ሆዴን አላመመኝም! አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር በደም ነው የሄድኩት!»

መንገድ የሚያልፈው ሰው ዞር ብሎ አየን። እሷም በራሷ ድምፅ ደንግጣ አፏን ያዘች። ወንድሜ ተነሥቶ ከረጢቱን ከትከሻዋ አወረደላት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ይህን ለነርስ እኔ ልንገራት?» አላት። ከዚያም፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ የኔ ልጅ። የሚበረክት ስፈልግ፣ ጫማው ካንቺ እንዲበረክት መረጥኩ» አለ። ሁለቱም አለቀሱ። እኔም የሰውዬውን ሱሪ ፊቴን ጠረግኩበት።

ከዚያ በኋላማ የልጅቷን አፍ ማን ይዝጋው! አምስተኛው ተረከዟ ላይ ይንሸራተታል፤ ስድስተኛው ቁርጭምጭሚቷን ይከረክራታል። ሰባተኛው ላይ ሽቅብ ቁልቁል፣ ሽቅብ ቁልቁል አለችና ዝም አለች። «ምን ሆንሽ?» ቢላት፣ «እየፈለግኩ ነው፤ አጣሁት» አለች። ያ ጫማ ሲበዛ አስቀያሚ ነው። ቀለሙ የደረቀ ጭቃ፣ ፊቱ ሰፊ፣ አፉ ዙሪያ ለስላሳ ጥጥ ያለበት። ወንድሜ ግን በሁለት እጁ ይዞ አጠፈው፤ ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ይታጠፋል፤ ወገቡ ላይ እምቢ ይላል። ሶሉ በማስቲሽ ብቻ ሳይሆን በክር ተይዟል። ምላሱም ከሁለት ጎኑ ጋር አብሮ ተሰፍቷል።

«ውሃስ?» አልኩት እኔ፤ አዋቂ ለመምሰል።

«ቆዳ ውሃ አይወድም፤ ውሃን መከልከል ግን የሚችል አለ» አለና ውስጡ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ሳፋ ውሃ ውስጥ አቆመው። ሻያችንን ጠጥተን ስንጨርስ ጋዜጣውን አወጣ፤ ደረቅ ነበር። ጫማውን ለግራዋ በሚሆን ቁጥር ሰጣትና ቀኙ ውስጥ ተጨማሪ ስስ ሶል አነጠፈላት።

ስድስት ሳምንት ሙሉ ጫማና እግር ሲላመዱ ከረሙ። መጀመሪያ ዕቃ ስታጥብ አደረገችው፤ ቀጥሎ ክሊኒክ ስትሄድ፤ ከዚያ የአሸዋውን ከረጢት አዝላ። ብቻዋን እንዳትሆን ተብሎ እኔ ተከታይ ሆንኩ። ነርሷ እየሄደች እኔ እየተንፏቀቅኩ፣ ጎረቤቱ «ደግሞ አንቺም ልትዘምቺ ነው?» እያለ ሳቀብኝ። ማታ ማታ ወንድሜ «የት ነው?» ይላታል፤ እሷ ያለውን ትነግረዋለች፤ እሱ በመዶሻ ነካ ነካ ያደርገዋል፣ ክሩን ያላላል። በአምስተኛው ሳምንት የምትነግረው አለቀባት።

የፈተናው ቀን ረፋዱ ላይ ከጦር ሰፈሩ በር አጠገብ ከተወጠረው ገመድ ጀርባ ቆምን። ጉዞው ከተጀመረ አራት ሰዓት ከግማሽ እንዳለፈ ከኩርባው ሰዎች ብቅ ማለት ጀመሩ። እኔ ፊት ስፈልግ ወንድሜ እግር ይፈልጋል። «መጣች» አለ፤ እኔ ገና ምንም አላየሁም። «ተረከዟን አስቀድማ ነው የምትረግጠው። አታነክስም። አታነክስም እኮ!» እያለ ክንዴን ጨመቀው። አዎ፣ እሷ ነበረች፤ ጭቃ በጭቃ ሆና፣ አምስት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው መስመሩን አለፈች።

ጠረጴዛው ከገመዱ ብዙም አይርቅም። መዝጋቢው መኮንን ቀና ሳይል ቁጥሯን ጠየቀና ወረቀቱን አገላብጦ አነበበ፤ የዘንድሮው ቅጽ ላይ የአምናው ተገልብጦ ኖሯል። «በሆድ ሕመም ምክንያት ከአሥራ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ያቋረጠች። ልክ ነው?»

ከፊቷ የነበሩት ሁሉ ተረከዛቸውን እያጋጩ «ልክ ነው!» እያሉ ነበር ያለፉት።

«ልክ አይደለም!» አለች።

መኮንኑ አሁን ቀና አለ።

«ልክ አይደለም ጌታዬ። ያ የአምናው ነው፤ እሱም ቢሆን ሆዴን አልነበረም፣ ጫማዬ ነበር። ዛሬ ሃያ አምስቱንም ጨርሻለሁ፤ ሰዓቴን ይመልከቱልኝ።»

ሰውዬው ሰዓት ያዡን አየ፤ ሰዓት ያዡ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። መኮንኑ የተጻፈውን ሰረዘና «አልፋለች» ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለ መልስ የለመደ አይመስልም፤ ግን ፈገግ አለ።

ወደ እኛ ስትመጣ ወንድሜ ከገመዱ ሥር ሾልኮ ወጥቷል። አላቀፋትም፤ መሬት ላይ ቁጭ አለና እግሯን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

«የት ነው የሚያምሽ?»

«ወገቤን፣ ትከሻዬን፣ አንገቴን... ሁለመናዬን!»

«እግርሽንስ?»

ትንሽ አሰበች። «እግሬንማ ረስቼዋለሁ» አለች።

ወንድሜ አቀርቅሮ ክሩን መፍታት ጀመረ። እንባው ጠብ ጠብ እያለ የጫማውን ጭቃ አረጠበው።

«ወንድም ጋሼ፣ ቀስ በል እንጂ፤ ቆዳ ውሃ አይወድም» አልኩት፤ እኔም ከእሱ አልተሻልኩም።

«ተይው አክስቴ» አለች ልጅቷ፣ እጇን ራሱ ላይ አድርጋ። «ይኼ ውሃ አያስገባም።»