ቢጫዋ ፖፖ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ ትልቁን ሥልጣን የያዘችው አንዲት ቢጫ የፕላስቲክ ፖፖ ነበረች። ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ኦክላንድ ከተማ፣ ፍሩትቬል የሚባል ሠፈር፣ ከአንድ የሜክሲኮ ዳቦ ቤት በላይ ባለች ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ አራት ሆነን እንኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት ከታች የቀረፋና የትኩስ ዳቦ ሽታ ይመጣል፤ ከላይ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የታናሽ ወንድሜ የናቲ ሽታ ይቀበለዋል። ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ ሲገናኙ የሚፈጠረውን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ናቲ ሦስት ዓመት ሞልቶት ከዳይፐር አልወጣም። ፖፖዋን ባርኔጣ አድርጎ ይዞራል፣ የመኪኖቹ ጋራዥ ያደርጋታል፣ አንድ ቀን እንዲያውም ሙዙን አስቀምጦባት ሲበላ አገኘነው። ለተሠራችበት ሥራ ብቻ አይፈልጋትም። ጉዳዩ ሲመጣበት ከሶፋው ኋላ ይሄድና ድምፁን ያጠፋል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ብቅ ይላል። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩና ጓደኞቼን ቤት መጥራት እንኳ አፍር ነበር።

ያን ክረምት ግን ነገሩ ከእፍረት በላይ ሆነ። እማዬ ኤመሪቪል አንድ ሆቴል ውስጥ ሦስት ዓመት አልጋ ስታነጥፍ ኖራ የነርስ ረዳትነት ትምህርት ቤት ተቀበላት። ክላሱ ሴፕቴምበር ላይ ይጀምራል፣ የጠዋት ነው። ናቲ ሊውልበት የታሰበው መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ ዳይፐር የሚያደርግ ልጅ አልወስድም አለ። እንግዲህ ናቲ ፖፖ ካልለመደ እማዬ አትማርም። እሷ ግን ዩኒፎርሙን ቀድማ ገዝታ ቁም ሳጥኑ በር ላይ ሰቅላዋለች፤ ባለፈች ቁጥር ነካ ታደርገዋለች።

አባዬ “ለኔ ተዉት” አለ። ታክሲ ሲነዳ ስለሚያድር ጠዋት የሚተኛበት ሰዓት ነው፤ እሱ ግን በካናቴራ ሆኖ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ናቲ ፊት ቁጢጥ ይልና “ሽሽሽሽ… ጎሽ የኔ አንበሳ… ሽሽሽሽ” ይላል። ሁላችንም ያደግንባት ድምፅ ናት፤ ሐበሻ ልጁን ሲያሸና ከዚህ ሌላ ቋንቋ የለውም። በስልክ ምክር የሚለግሱ ዘመዶችም አልጠፉም። ቆንጠጥ አድርጉት ያለችም አለች፣ ውኃ ከልክሉት ያለም አለ። አባዬ ሁሉንም እሺ እሺ ይልና አንዱንም አያደርግም። ልጁ ፈርቶ ሳይሆን ገብቶት ይልመድ ነበር የሚለው። ምንጣፉ ላይ ሲሸናበት ጨርቅ ያመጣል፣ ያብሳል፣ ተመልሶ ቁጢጥ ይላል። የእማዬ ትዕግሥት አለቀ፣ የኔማ ገና ሳይጀምር አለቀ፣ የሱ ግን አላለቀም። ኦገስት መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤቱ እልልታ ሰማን። አባዬ ነው! ወንድ እልል ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ “ሽሽሽ” ሲባል ናቲ እንደ ቧንቧ ይከፈት ጀመር።

የናቲ ትምህርት ከእማዬ ክላስ ጥቂት ቀን ቀድሞ ተጀመረ። በመጀመሪያው ቀን ናቲ የረጠበ ሱሪው በፌስታል ተቋጥሮለት ተመለሰ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ቤት ግን ጠብ አያደርግም። ወጣቷ አስተማሪ ሚስ ዶሪስ ደግ ሴት ነበረች፤ ደውላ ሶሪ ሶሪ እያለች፣ በዚህ ሳምንት ካልተስተካከለ ቦታው ለሌላ ልጅ እንደሚሰጥ ነገረችን። ያን ዕለት እማዬ ዩኒፎርሟን ከተሰቀለበት አውርዳ አጣጠፈችው። ናቲን አንቄ ልገድለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

በማግስቱ አባዬ ከሥራ እንደተመለሰ ሳይተኛ ናቲን ይዞ ክላስ ገባ። እኔንም ለማስተርጎም ከትምህርት ቤቴ አስፈቅዶ ወሰደኝ፤ ያን ጊዜ እኛ ልጆች ያላስተረጎምነው ነገር ምን አለ? ዓይኑ ደም መስሎ፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደርሶ፣ የሕፃን ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ልጆቹ ተረት ሊነበብላቸው ምንጣፍ ላይ ተሰብስበው ይንጫጫሉ። ሚስ ዶሪስ መጽሐፉን ከፈተች፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችና “ሽሽሽሽ…” አለች።

ክላሱ ዝም አለ። የኛው ልጅ ቀና ብሎ አያት፣ ትንሽ አሰበ፣ እዚያው በተቀመጠበት ለቀቀው። ከዚያ ጎሽ እንዲባል ፈገግ ብሎ ወደ አባዬ ዞረ።

አባዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሰ መሰለኝ። ለካ እየሳቀ ነው። እንባውን ጠራርጎ ተነሣና መጀመሪያ ናቲን ራሱን ደባበሰው። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

“ንገሪያት። ልጁ አላጠፋም፣ የታዘዘውን ነው የሠራው። ጎበዝ ተማሪ ነው በያት።”

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ነገርኳት። ሚስ ዶሪስ ነገሩ ሲገባት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ጥፋተኛዋ ለካ እኔ ነኝ ብላ ሳቀች። በናንተ ቋንቋ ዝም በሉ ለማለት ምን ይባላል ስትል ጠየቀች። አባዬ “ጸጥ” አላት። “ጸ” አፏ ላይ አልገባ ብላ “ሰት” ሆነችባት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሜክሲኮውም የቻይናውም ልጅ በ“ሰት!” ዝም የሚል ሆነ። ናቲ ዳግመኛ በፌስታል ሱሪ አላመጣም። እማዬም ያጣጠፈችውን ዩኒፎርም ተኩሳ ለበሰችው፣ ከዚያ ሃያ ዓመት ሕመምተኛ ስትንከባከብ ኖረች።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። የአሁኑ ፖፖ ዘፈን ይዘፍናል፣ ስልኬ ላይ ሰዓቱን የሚያስታውስ አፕ አለ፣ መጽሐፉማ መደርደሪያ ሞልቷል። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ እንኳ ትዕግሥቴ እስከ ቁርስ አይቆይም። ያ ሰው ሳይተኛ እንዴት ቻለው እላለሁ። እንደ አባዬ ያለ ሰው አላየሁም።

ባለፈው ዓመት አባዬ ሳን ሆዜ ሆስፒታል ውስጥ ኦፕራሲዮን ሆነ። ነርሷ፣ ካልሸና ወደ ቤት አይሄድም፣ ቱቦ ይገባለታል አለች። ቱቦውን ክፉኛ ፈራው። ውኃ ጠጣ፣ ሰዓቱ ሄደ፣ ምንም የለም። ያ መሬት ላይ ቁጢጥ ይል የነበረ ሰው አሁን ተደግፎ ነው የሚቆመው። የደገፈው ናቲ ነው፤ ጺሙን ያሳደገ ኢንጂነር፣ በአማርኛ ሲያናግሩት በእንግሊዝኛ የሚመልስ። መጋረጃውን ዘጋው። እኔና ነርሷ ውጭ ቆምን።

“ሽሽሽሽ…” አለ ናቲ ከውስጥ። ነርሷ ዝም በሉ የተባልን መስሏት አፏን ያዘች። “ጎሽ የኔ አንበሳ… ሽሽሽሽ…”

ቆይቶ የውኃ ድምፅ ሰማን። ከዚያ የደከመው የአባዬ ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ ጠራኝ።

“ንገሪያት። የታዘዝኩትን ሠርቻለሁ በያት።”

ነርሷ ምን አለ ብላ ዞረች። ስንቱን ያስተረጎምኩ ልጅ፣ ያን ቀን ግን እንባዬ ቀደመኝ።