ለትንሿ አውሮፕላን የሚበራ መብራት

ሰመራ ላይ ፓይለት መሆንህ ከታወቀ የቤት ኪራይህ ይጨምራል። አከራዬ ነጩን ሸሚዜን ከነትከሻው ምልክት ገመድ ላይ ተሰጥቶ ያየችው ዕለት ፊቷ ተለወጠ። "እናንተማ ምን ጎደላችሁ!" አለችኝ። ሸሚዙን አጥቤ ያሰጣሁት እኔው ነኝ፤ ያለኝም እሱና አንድ ቅያሪ ብቻ ነበር። ይህን ብነግራት ግን ማን ያምነኛል? ሰው ፓይለት ሲባል የሚታየው ባለጎማ ሻንጣ እየጎተተ በመስታወት በር የሚያልፈው ነው።

እኔ የምሠራበት ድርጅት ያለችው አንዲት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ናት። የምትጭነው ሰው ሚኒባስ ከሚጭነው ያንሳል። ሐኪሞችን፣ የውኃ ጉድጓድ የሚያጠኑ ባለሙያዎችን፣ አንዳንዴም ስብሰባ የረፈደባቸውን ሹማምንት እናመላልሳለን። ነዳጁን ከበርሜል በእጅ ፓምፕ የምቀዳው እኔ፣ ወንበሩን የምጠርገው እኔ፣ ተሳፋሪውን ከነሻንጣው ሚዛን ላይ የማወጣው እኔ ነበርኩ። የሰመራ ሙቀት ቀልድ አያውቅም። ፀሐይዋ ከበረታች አየሩ ይሳሳና አውሮፕላኗ ሸክም ያቅታታል፤ ስለዚህ የምንነሳው ጎህ ሲቀድ ነው፣ ሚዛኑ ላይም ድርድር የለም። ሰው ግን ስለ ክብደቱ እውነቱን አይናገርም። "ሰባ ኪሎ ነኝ" ብሎ የማለ አንድ ባለሥልጣን ሚዛኑ ሌላ ነገር ሲናገርበት "ሚዛናችሁን ሙቀት መትቶታል" ብሎኝ ያውቃል።

የሚከፈለን በበረርንበት ሰዓት ልክ ነው። አውሮፕላኗ ለጥገና አዲስ አበባ ገባች ማለት እኛም ጾም ገባን ማለት ነው። እኔ ረዳት አብራሪ ስሆን ከዋናው አብራሪ ጋር አንድ ክፍል እንጋራ ነበር። በዕድሜ አባቴን የሚሆን፣ ብዙ አየር ያየ ዝምተኛ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲጠና አንሶላችንን ውኃ ነክረን፣ ያንን ለብሰን እንጋደማለን። እንደዚያ ተጋድመን አንድ ቀን "ወጣትነትህን እዚህ አትጨርሰው" አለኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቢሆንም ሥራውን እወደው ነበር። ያገኘሁትም ተንከራትቼ ነው።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አዋሽ ያለው ቤታችን ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም፤ ልጅ እያለሁ የመኪናውን ድምፅ ከሌላው ለይቼ በር እከፍትለት ነበር። ፓይለት እሆናለሁ ስለው አልሳቀብኝም። ዕድሜውን ሙሉ ለፍቶ የገዛትን የራሱን መኪና ሸጠና የግል የበረራ ትምህርት ቤት አስገባኝ፤ እሱ ተመልሶ የሰው መኪና መንዳት ጀመረ። ስመረቅ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ በኋላ ግን ሥራ የለም። ትልልቆቹ የራሳቸውን ሰው ያሠለጥናሉ፤ ትንንሾቹ "የበረራ ሰዓትህ ስንት ደረሰ?" ይላሉ፤ ሰዓቱ የሚገኘው ደግሞ ሥራ ሲኖር ነው። ፈቃዴን ኪሴ ከትቼ አዋሽ ቤት ውስጥ ቁጭ አልኩ። የሰፈሩ ሰው "መቼ ነው የምትበረው?" ሲለኝ የምመልሰው ስላልነበረኝ ከቤት መውጣት አቆምኩ። አባቴ ግን ከጉዞ ሲመለስ ስለ ሥራ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም። "በልተሃል?" ነበር የሚለኝ። ምን ያህል እንደምወደው የገባኝ በዚያ ጊዜ ነው።

የሰመራው ሥራ ሲገኝ ከእኔ ይበልጥ የፈነጠዘው እሱ ነው፤ የጅቡቲው መንገድ እዚያው በደጄ ያልፋልና። ሰመራ አጠገብ ያለችው ሎጊያ ከተማ ባረፈ ቁጥር ይደውልልኛል፣ እኔም ባጃጅ ይዤ እከንፋለሁ። ሹፌሮች የሚበሉበት ቤት ተቀምጠን ጥብስ እናዛለን። ጓደኞቹ አይምሩኝም።

"ያንተ ጎማ ሦስት፣ የእኛ ሃያ ሁለት። ታዲያ ማነው ሹፌር?" ይሉኛል።

"እሱ እኮ ጉድጓድ በሌለበት መንገድ ነው የሚነዳው" ይልልኛል አባቴ።

የዚያ መንገድ ሹፌሮች ፊት ለፊት ሲገናኙ የፊት መብራታቸውን ሁለቴ ብልጭ ያደርጋሉ። የመጣሁበት ሰላም ነው፣ እለፍ ማለታቸው ነው። አንድ ቀን አባቴ እጁን እየታጠበ "አንተ ጠዋት ስትነሳ እኔ መንገድ ላይ ነኝ። ለእኔስ ለምን አታበራልኝም?" አለኝ። የቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። በማግስቱ ተነስተን ሎጊያን ስናልፍ ግን ዋናውን አብራሪ አስፈቅጄ የአውሮፕላኗን የማረፊያ መብራት ሁለቴ ብልጭ አደረግሁት። ከታች፣ ገና ባልነጋለት አስፋልት ላይ፣ አንድ መኪና መለሰልኝ።

"ማነው?" አለኝ ዋናው አብራሪ።

"አባቴ ነው" አልኩት። ድምፄ እንደ ሕፃን ሆኖብኝ አፈርኩ።

እንዲህ እያልን ከረምን። እያደር ግን አባቴ ደከመብኝ። ሎጊያ ላይ ሳገኘው ጨው ሊያነሳ ሲል እጁ ይስታል፣ ደረጃውን በእግሩ እየዳሰሰ ይወርዳል። እንቅልፍ ማጣት ነው ይለኛል። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ አንድ የጭነት መሥሪያ ቤት የቢሮ ሥራ ሰጠኝ። አውሮፕላን ቆመ በረረ የማይል፣ ወር ሲደርስ የሚከፈል ደመወዝ ያለው ሥራ ነው። ቀድሞ የታየኝ አባቴ ከመሪው ወርዶ ቤቱ ሲያርፍ ነው።

"አባዬ፣ እዚያ ልግባና አንተ መኪናውን አስረክብ" አልኩት።

ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አኖረው። "ዋና አብራሪ ለመሆን ምን ቀረህ?"

"ሰዓት መሙላት። ከዚያ ፈተና። ግን አውሮፕላኗ በቆመች ቁጥር…"

"ስማኝ ልጄ። እኔ መኪናዬን የሸጥኩት ቢሮ እንድትቀመጥ አይደለም። ግራው የዋና አብራሪ ወንበር ላይ እስክትቀመጥ እኔም ከመንገድ አልወርድም። ጠዋት መብራቴን ካየህ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም አልከዳኝም ማለት ነው። መብራቱ የጠፋብህ ቀን ያኔ ቢሮህ ግባ።"

አንዴ ቁርጥ ካደረገ የሚመልሰው የለም። እሺ አልኩ፤ ቢሮውንም ይቅርብኝ ብዬ መለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሎጊያ ማረፍ ተወ። አሁን የምነዳለት አዲስ ባለንብረት ያጣድፈኛል፣ ሳልቆም ነው የማልፈው ይለኛል። ስልክ ሲደውል ከጀርባው የከባድ መኪና ሞተር ያጓራል። "ዛሬ አየኸኝ?" ይላል። "አየሁህ" እላለሁ። ደግሞም አይቻለሁ። እንዲያውም መብራቱ በዛ። መጀመሪያ አንድ መኪና ነበር የሚመልስልኝ፤ በኋላ ተከታትለው የሚመጡት ሁሉ ያበሩልኝ ጀመር። የትኛው አባቴ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። "ልጄ ነው እያልኩ ጉራዬን ስነፋ ሰምተው ነው፣ ሰላም እያሉህ ነው" አለኝ ስጠይቀው። ከአዋሽ ጅቡቲ የሚመላለስ ሰው በበረርኩ ቁጥር ሎጊያ አጠገብ ሊገኝልኝ እንደማይችል የሹፌር ልጅ ሊጠፋው አይገባም ነበር። እኔ ግን መብራቱን ሳይ ልቤ ይሞቅና ሌላው ነገር ሁሉ ይረሳኛል።

ሰዓቱ ሞላ፤ ተፈትኜም አለፍኩ። ዋናው አብራሪ የራሱን የትከሻ ምልክት ፈትቶ እጄ ላይ አኖረልኝና "ለእኔ ከእንግዲህ ሸሚዜን ነው የሚያከብደው" አለኝ። እሱ ጡረታ ሊወጣ ነበር። አቅፌው ስለቀው እሱም ዓይኑን ጠረገ።

ወዲያው ሎጊያ ሄጄ ሹፌሮቹ ቤት ተቀመጥኩ። ጠዋት መብራቱን አይቼዋለሁና አባቴ ሩቅ አይሆንም፤ ስልክ ሳልደውል ድንገት ልያዘው አልኩ። ከቆይታ በኋላ የገባው ግን የረጅም ዘመን ጓደኛው፣ አብሮት በዚያ መንገድ ያረጀ የወሎ ሰው ነው።

"ጋሼ፣ አለፍኩ! አባቴን እየጠበቅሁት ነው" አልኩት።

"ማሻአላህ! ማሻአላህ!" ብሎ ጭንቅላቴን ሳመኝ። ሄዶ እጁን ሲታጠብ ቆየ። ተመልሶ ሲቀመጥ "እንግዲህ ካለፍክ ልንገርህ" አለኝ። "አባትህ መሪ ከለቀቀ ቆየ እኮ።"

"ዛሬ ጠዋት አየሁት!"

"እኔን ነው ያየኸኝ። ዓይኑ ከድቶታል። ጅቡቲ መንገድ ላይ፣ ዲቾቶ ጋ፣ የቆመ ተሳቢ ጫፍ ነካ። ሰው አልተነካም፣ አልሐምዱሊላህ። በነጋታው ቁልፉን ራሱ ወስዶ ለባለንብረቱ አስረከበ፤ ነገ ሰው ብገድልስ ብሎ። ከዚያ ወረፋ የምንጠብቅበት ቦታ መጥቶ አንድ በአንድ ለመነን። 'ጎህ ሲቀድ ከሰመራ ትንሽ አውሮፕላን ስትነሳ ካያችሁ ስለ እኔ ሁለቴ አብሩላት። ልጄ ጨለማ ካየ ሥራውን ይተዋል' አለ። ወላሂ፣ እንቢ ያለው የለም።"

"ሁላችሁም ታዲያ?"

"አፋሮቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ዳጉ እንደሚለዋወጡት ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። አሁንማ ለምን እንደሚያበራ የማያውቅ ሹፌር ሁሉ ያበራልሃል። የመንገዱ ደንብ ነው የሚመስላቸው" አለና ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ እንባዬ መጣ።

በማግስቱ በእሱ መኪና አዋሽ ሄድኩ። ከተማው ዳር፣ መኪኖቹ የሚያድሩበት ሜዳ ላይ ቆምን። አባቴ ግራር ሥር አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል፤ ስልኩ እጁ ውስጥ ነው። ሲደውልልኝ የምሰማው የሞተር ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አሁን ገባኝ። የመኪናውን መቆም ሰምቶ ተነሳና እጁን ወደፊት ዘርግቶ መጣ። ፊት ለፊቱ ቆምኩ። አየኝ፣ ግን አላየኝም።

"እንኳን በሰላም ገባህ። መንገዱ ሰላም ነው?" አለኝ።

አንድ እርምጃ ቀረብኩት፤ ከሹፌሮቹ አንዱ መስዬዋለሁ።

"በሰመራ ነው የመጣኸው? ያቺን ትንሽ አውሮፕላን አላየሃትም ሰሞኑን? አበራህልኝ?"

"አብርቻለሁ አባዬ" አልኩት።

የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ፈልጎ ትከሻዬን አገኘው፤ የሸሚዜን ምልክት በጣቱ ዳበሰው፣ ደግሞ ዳበሰው። በመጨረሻ "በልተሃል?" አለኝ።

ቤት ስንገባ እናቴን ልቆጣት አሰብኩ፤ በየስልኩ "አባትህ መንገድ ላይ ነው" ስትለኝ የነበረችው እሷ ናት። "ታዲያ ዋሸሁህ? መንገዱ ላይ አይደል የሚውለው!" ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ዓይኑን የጋረደው ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል አሉን ሐኪሞች፤ ለዚያ አዲስ አበባ መሄድ ነበረበት። አውሮፕላኗም በዚያው ሰሞን ለጥገና ባዶዋን ወደዚያው ትሄድ ነበር። የአውሮፕላኗን ባለቤት ለመንኩት፣ ፈቀደልኝ። አባቴ ሰመራ መጣ። ሚዛን ላይ ላወጣው ስል ኮቱን አወለቀ፣ ቀጥሎ ጫማውን።

"አባዬ፣ ካንተ በቀር ተሳፋሪ የለኝም፤ ቢከብድህም ግድ የለም።"

"ግዴለም፣ ልቅለልልህ" አለኝ።

በቀኙ ወንበር፣ እኔ ስቀመጥበት በኖርኩት ቦታ አስቀምጬ ቀበቶውን አሰርኩለት። ስንነሳ እግሩ ፍሬን ፍለጋ ተነቃነቀ፤ ጉልበቱን በእጄ ያዝኩለት። ሎጊያ ከሥራችን ደረሰ። ሰማዩ ከበስተጀርባችን መቅላት ጀምሯል፣ መንገዱ ግን ገና ድንግዝግዝ ነው። ከወዲያ የሚመጡት መኪኖች ተከታትለው ይታዩኛል። መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው ሁለቴ ብልጭ አደረጉ።

አባቴ ግንባሩን መስኮቱ ላይ ለጥፏል። ለእሱ ጭጋግ ብቻ ነው።

"አሉ?" አለኝ።

"አሉ።"

"ሁሉም ያበራሉ?"

"ሁሉም።"

"መልስላቸው እንጂ፣ ነውር ነው" አለኝ።

ያንን ስንት ዘመን መሪ የጨበጠ ሻካራ እጁን አንስቼ የመብራቱ ማብሪያ ላይ አኖርኩለት። "አንተ መልስላቸው አባዬ፤ የሚያበሩት ላንተ ነው።"

ጣቱ ማብሪያውን ለመደው። ሁለቴ ብልጭ አደረገው። ቆየና ደግሞ ሁለቴ። ሎጊያን አልፈን መንገዱ ባዶ ከሆነ በኋላም እጁን አላነሳም፤ እኔም ባዶ ነው አላልኩትም።