የጋሪ ፈረስና የወረቀት ውርርድ

ባለቤቴ በፈረስ ውርርድ ቋሚ ገቢ እንደሚያገኝ ሊያስረዳኝ የተነሳው ልብስ እያጣጠፍኩ ሳለ ነው።

«ቁማር አይደለም» አለኝ፣ ገና ምንም ሳልለው። «ቁማር ዕድል ነው። ይሄ ጥናት ነው። አንድ ቀን ትበያለሽ፣ አንድ ቀን ትከስሪያለሽ… ብቻ ዓመቱ ሲደመር ትርፍ ነው።»

«እሺ፣ ካልሲህን አንሳ» አልኩት።

እዚህ ውጭ አገር ኦቤትስ በሚባል ሰፈር ካለው መጋዘን ከሥራ ሲወጣ መንገዱ ላይ የፈረስ መሮጫ ሜዳ አለ። ለዓመታት አልፎት ሲሄድ ኖሮ አንድ ቀን የሥራ ጓደኛው ይዞት ገባ። እዚያ ፈረሱ ላይ ማንም አይወጣም። ፈረሱ ባለ ሁለት ጎማ ቀላል ጋሪ ይጎትታል፣ ነጂው ጋሪው ላይ ይቀመጣል። ባለቤቴ ይሄን ሲያይ አበቃለት። አባቱ ሞጆ ውስጥ ባለ ጋሪ ነበሩ። «እነዚህ በኮምፒውተር የሚያጠኑትን እኔ ጥርሴን ሳልነቅል ነው ያወቅኩት» ይለኛል። ፈረስ ጆሮውን እንዴት እንደሚያቆም፣ ኮቴውን እንዴት እንደሚያነሳ እየነገረኝ ሽሮው ይቀዘቅዛል።

እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የጣልነው እቁብ ሊወጣልን ተቃርቧል። ሊንደን ካለው ኪራይ ቤት ወጥተን ኢስትሙር ላይ ለምንገዛው ቤት ቅድሚያ ክፍያ፣ ዳውን ፔይመንት፣ እንዲሆን ተስማምተን ነበር። አሁን ግን ዳውን ፔይመንት የሚለው ቃል ከአፉ ጠፍቶ በምትኩ «መነሻ ካፒታል» መጣ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሆነ በዓይኔ ልየው ብዬ አብሬው ሄድኩ። ነጠላዬን ሆን ብዬ ቤት ተውኩ፤ እዚያ ልታይበት አልፈለግኩም። አርባ ዶላር አንድ ዳማ ፈረስ ላይ አስቀመጠ።

«እይው! መሬት አልበቃውም!»

እውነትም አልበቃውም። መጨረሻ ላይ ሽምጥ ጋለበና ሁሉንም ጥሎ ቀድሞ ገባ። ባለቤቴ ብድግ ብሎ ፎከረ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እልል ልል ነበር። ሰሌዳውን ስናይ የኛ ፈረስ ቁጥር መጨረሻ ላይ ተጽፏል። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት እየሳቁ አስረዱን፦ በዚህ ውድድር ፈረሱ በሶምሶማ ብቻ ነው የሚሮጠው። ከጋለበ ነጂው ጎትቶ ወደ ሶምሶማው መመለስ አለበት፤ እየጋለበ ቢቀድምም ወደ ኋላ ይጣላል።

«ስለጋለበ?» አለ ባለቤቴ። «ፈረስ ካልጋለበ ምን ያድርግ፣ ይዘምር?»

በዚህ ይተወዋል ብዬ ነበር። በማግስቱ አዲስ ደብተር ገዛ። «አሁን ሕጉንም አውቄያለሁ» አለኝ።

ምርር ሲለኝ የነፍስ አባታችን ዘንድ ይዤው ሄድኩ።

«አባቴ፣ ጥናት እንጂ ቁማር አይደለም» አላቸው።

«ጥናት ከሆነ ገንዘብ ምን ያደርግለታል?» አሉት፣ መስቀላቸውን እያሳለሙት። «እንግዲያው እስከ መስቀል በወረቀት ተወራረድ። ፈረሱን፣ ምክንያቱን፣ የምታስይዘውን ውድድሩ ሳይጀመር አስጽፍ። አንዲት ሳንቲም እንዳታወጣ። ደብተሩን እሷ ትያዝ። ካተረፍክ ያኔ መጥተህ ትከራከረኛለህ።»

ደስ አለኝ። ቀኖናው የተሰጠው ለእኔ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። በሥራዬ የማስታምማቸውን አሮጊት ገላ እያጠብኩ ስልኬ ይጮሃል፤ «አራት ቁጥር። ጆሮው ንቁ ነው። ሃያ ዶላር ጻፊ።» በእርጥብ እጄ እጽፋለሁ። ሲሸነፍ ደግሞ ክርክር አለ።

«ያ አይቆጠርም፣ ነጂው ነው ያበላሸው።»

«ተጽፏል።»

«ዝናብ ነበር እኮ! ሰርዢው።»

«አልሰርዝም።»

«አንቺ ሴት፣ ዳኛ ብትሆኚ አገር ታስጨርሺ ነበር።»

ሐምሌ ላይ ማንም ያልጠበቀው ግራጫ ፈረስ አሸነፈ፤ ባለቤቴ አስጽፎት ነበር። እውነተኛ ገንዘብ ቢሆን ብዙ ያመጣ ነበር። ራት አልበላም አለ። «አንቺና ቄሱ ተባብራችሁ ዘረፋችሁኝ» ብሎ ሁለት ሳምንት እንደ ሌባ አየኝ። ይባስ ብሎ በዚያው ሰሞን እቁቡ ወጣልን።

«ግማሹን ብቻ» አለኝ።

«መስቀል» አልኩት።

«ሩቡን።»

«መስቀል!»

ገንዘቡ ባንክ የገባው በሁለታችን ስም ነው። ላውጣ ቢል የሚከለክለው የለም። ጠዋት ጠዋት ውዳሴ ማርያም ከመድገሜ በፊት ባንኩን በስልኬ እከፍት ጀመር። ገንዘቡ እንዳለ ሳይ ተመስገን እላለሁ፤ ከዚያ ወደ ጸሎቴ ስመለስ ቅድም ማንን እንዳመሰገንኩ ግራ ይገባኛል። እሱ ሳንቲም አልነካም። እሱ ቃሉን ጠብቆ እኔ ነኝ የታመስኩት።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ በድብቅ እንደማያስይዝ ለማረጋገጥ ብዬ እንደገና አብሬው ሄድኩ። በወረቀት የያዝነው ፈረስ በውጭ በኩል እየተጠጋ ሲመጣ «ጊዮርጊስ ድረስ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የራሴ ነው። ሳንቲም ላልተያዘበት ውርርድ ሰማዕቱን ጠራሁ! ባለቤቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንቺንም ያዘሽ!» አለኝ። ጥዬው ወደ መኪናው ሄድኩ።

ከደመራ መልስ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ልጃችን ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ስለነበር እሷ ደመረች። እውነት ለመናገር ከገመትኩት በላይ ብዙ ጊዜ ትክክል ነበር። ድምሩ ግን ኪሳራ ነው።

«እንዴት?» አለ። «ይሄን ሁሉ አውቄ?»

ልጅቷ በእንግሊዝኛ አስረዳችው፦ ሰው ሁሉ ያስያዘው አንድ ላይ ይጠራቀማል፤ ሜዳው መጀመሪያ ድርሻውን ያነሳል፤ አሸናፊዎች የሚካፈሉት የተረፈውን ነው። ከሌላው ሰው ትንሽ ማወቅ አይበቃም።

ባለቤቴ ለዓመታት የእቁብ ዳኛ ነው። ብዕሩን አስቀመጠ።

«ማለት ሰብሳቢው በየዙሩ አስቀድሞ ቆርጦ የሚወስድበት እቁብ ነው?»

«ካይንዳ፣ ዳድ» አለችው፤ እንደዚያ ነገር ነው ማለቷ ነው።

ደብተሩን ዘግቶ «እንዲህ ያለ እቁብ ውስጥ ጠላቴንም አላስገባም» አለና ተነሳ። በቃ። አራት ወር ሙሉ ኃጢአት ነው ስለው ያልሰማ፣ ቁማር ነው ስለው ያልሰማ ሰው ሰብሳቢ ተብሎ ሲነገረው ገባው! እኔ ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ? ሁለቱንም ሆንኩ።

ጥቅምት ላይ የኢስትሙሩን ቤት ፈረምን። ዕቃ እያስገባን ሳለ በሩ ላይ ቆሞ «ለመሆኑ ያ ደብተር የታል?» አለኝ።

«ምን ሊያደርግልህ?»

«እንዲያው ያንን ግራጫ ለማየት ነው። ለማስታወስ።»

«እኔ እንጃ፣ የሆነ ካርቶን ውስጥ ይሆናል» አልኩት።

ደብተሩ ግን የመኪናዬ መለዋወጫ ጎማ ሥር ነው ያለው፤ እንዳያገረሽበት ብዬ የደበቅኩት እኔ ነኝ። አሁን ይሄንን ውሸት ደግሞ ለነፍስ አባቴ መናገር አለብኝ፤ ያውም በባለቤቴ የተነሳ።