አልይዝ ያለው ሰማያዊ ተሳቢ

ሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ለሁሉም «ብሩሽ» ነው። ቆሞ ያገኘውን ይቀባላ! በሩን፣ አጥሩን፣ የውኃ በርሜሉን፣ የጎረቤት የውሻ ቤት ሳይቀር። ሚስቱማ «እኔ አንድ ቦታ ብዙ የማልቆመው እሱን ፈርቼ ነው» ትላለች።

እንጀራው ግን ቀለም አይደለም። ከፒክአፑ ኋላ ተሳቢ ቀጥሎ የሰው ጓዝ ያመላልሳል። ነገ የሚጭነው ደግሞ የገዛ ልጁን ጓዝ ነው። ልጅቷ ከረጅሙ ቁልቁለት ግርጌ ባለችው ከተማ መምህርት ሆና ተቀጥራለች፤ አልጋዋ፣ ቁምሳጥኗ፣ የመጻሕፍት ካርቶኖቿ ተሳቢው ላይ፣ እሷና እናቷ ጋቢና ውስጥ ሆነው ይወርዳሉ። ለዚህ ክብር ብሎ ተሳቢውን ብሎን በብሎን ፈታታው፤ ዝገቱን ልጦ ሰማያዊ ቀባው፤ መልሶ ገጣጠመው። ተሳቢው ፒክአፑ ላይ የሚጋጠምበትን የመጎተቻ ኳስ እንኳ በግራሶ አጥግቦ አብለጨለጨው።

ጉዱ የወጣው ለሙከራ አሸዋ ጭኖ ሲነዳ ነው። ከሰፈሩ ጫፍ ካለችው አጭር ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረገጠ። ፒክአፑ ያዘ፤ ተሳቢው ግን ምን ተዳዬ! ከኋላው መጥቶ እንደ ተቆጣ በሬ ገፋው። መኪናው ወደ ቦዩ ተንሸራቶ ከጠርዙ ላይ ቆመ። ወርዶ የተሳቢውን ጎማዎች ቢነካ እንደ ጠዋት ድንጋይ ቀዝቅዘዋል። ፍሬን የያዘ ጎማ ይሞቃል፤ አንዳቸውም አልሠሩም ማለት ነው።

የዚህ ተሳቢ ፍሬን በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ መሪው ሥር ያለች ትንሽ ሳጥን መብራት ትልካለች፤ ጎማዎቹ ውስጥ ያሉ ማግኔቶች እምምም ብለው ይጣበቁና ይይዛሉ። ሳጥኗ ላይ በእጅ የምትገፋ ምላስም አለች፤ እሷ ብቻዋን ተሳቢውን ታስይዛለች።

ግቢው ገብቶ አሸዋውን አራገፈና ምላሷን ገፋ። እምምም! አራቱም ጎማ ጥርቅም አለ። ጎረቤቱ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነውና ጠራው። ሰውየው ፊውዙን አየ፣ ሶኬቱን ነቅሎ ሰካ፣ ማግኔቶቹን አዳመጠ።

«ጋሼ፣ እርስዎን እንጃ እንጂ ፍሬኑስ ደህና ነው» ብሎ ስቆ ሄደ።

ብሩሽም ተጽናንቶ ወጣ። እዚያችው ቁልቁለት ላይ ባዶው ተሳቢ ደግሞ ገፋው። እንግዳ ፊት ጨዋ፣ ዞር ሲሉ ጋጠወጥ እንደሚሆን ልጅ፣ ይሄም ግቢ ውስጥ ቅዱስ መንገድ ላይ ሰይጣን ሆነ!

ምሳ ላይ አንዷን ጉርሻ ደጋግሞ ያላምጣል። ልጅቷ «አባዬ፣ ነገ በጠዋት ነው አይደል የምንነሳው?» ስትለው፣ ዓይኑ ፊት የመጣው የረጅሙ ቁልቁለት መታጠፊያ ነው።

«ምን ሆነሃል አንተ? አጥንት የዋጥክ ትመስላለህ» አለች ሚስቱ።

ሊሸፍነው አስቦ ነበር። አልሆነለትም፤ «ተሳቢው አይዝም» አለና ሁሉንም ተናገረ። ሚስቱ እጇን ከትሪው አነሳች።

«እና ዝም ብለህ ልትጭነን ነበር?»

«ኧረ ሳልሠራውማ…»

«ቆይ» አለች፣ ቁጣዋን ለሌላ ጊዜ አስቀምጣ። «ቆሞ ደህና ከሆነ፣ ቆሞ ብታየው ምን ይነግርሃል? እናነቃንቀው እንጂ!»

ወጡ። እሱ ጋቢና ገብቶ ምላሷን ገፍቶ ያዘ፤ ልጅቷ የተሳቢው አንገት ላይ ወጥታ እንደ ሕፃንነቷ ትዘል ጀመር፤ እናቷ የማግኔቱን እምምም ልትሰማ ጎማው ላይ ጆሮዋን ጣለች።

«አለ… አለ… ጠፋ! መጣ! ደግሞ ጠፋ!»

ብሩሽ አሁን ገባው። መብራቱ በሽቦ ይሄዳል፤ ተመላሹ ግን የተሳቢው ብረት ላይ በታሰረው፣ «ማሳ» በሚባለው ሽቦ ነው የሚመጣው። እሱ ከተቋረጠ ያለችው መንገድ የመጎተቻው ኳስ ብቻ ናት፤ እሷም ግራሶ ውስጥ የምትዋኝ፣ ስትነቀነቅ የምትለቅ። ከተሳቢው ሥር ገብቶ ተንጋለለ። የማሳውን ብሎን ፈታው። ሥሩ ያ የሚያምር ሰማያዊ ቀለሙ ሁለት እጅ ተቀብቶ ተኝቷል! ሽቦውን ብረት ላይ ሳይሆን ቀለም ላይ ነበር ያሰረው።

«ምንድን ነው?» አለች ሚስቱ ጎንበስ ብላ።

«ቀለም» አለ፣ ድምፁ እንደ ጥፋተኛ ልጅ ቀጥኖ።

ሳቋን ለመዋጥ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እሱ ግን ለቀለሙ እየሳሳ፣ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ በቢላዋ ፋቀውና ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ልጅቷ እንደገና ዘለለች። እምምምታው ፍንክች አላለም። በአጭሯ ቁልቁለት ላይም፣ አሸዋውን መልሶ ጭኖ፣ ተሳቢው ጎተት አርጎ ያዘው።

ቢሆንም ጠዋት ረጅሙ ቁልቁለት አፍ ላይ ሲደርሱ እጁ ከምላሷ አልተላቀቀም። ሚስቱ መያዣውን ጨብጣለች፤ ልጅቷ አንገቷን አስግጋ መንገዱን ታያለች። የመጀመሪያው መታጠፊያ መጣ። ረገጠ። ከኋላ አንድ የሚያውቁት ትልቅ ሰው ኮቱን ይዞ «ቀስ!» ያለው ያህል ተሳቢው ወደ ኋላ ሳበው።

«ያዘ?» አለች ልጅቷ።

«ዝም በይ፣ ገና ነው።»

ግርጌው ደርሰው ሲቆሙ ብሩሽ ቶሎ ወረደ። እጁን ጎማው ላይ አደረገ። ከዚያ የሚስቱን እጅ ስቦ እዚያው አሳረፈው።

«ሞቋል» አለች።

«አራቱም» አለ።

«እንግዲህ እዚያች የተፋቀችው ቦታ ላይ ብሩሽህ ድርሽ ቢል፣ በቁጣ የምሞቀው እኔ ነኝ!»