ፔይ ሹዋንሁ ያጣደፋቸው ዘንጎች

ፔይ ሹዋንሁ ዌንሺ ከተማ ዳር ባለች ፋብሪካ የጋለ ማግኒዝየም በመጭመቂያ ማሽን እየገፋ፣ በጠባብ ቀዳዳ እያሾለከ ዘንግ የሚያወጣ ሰው ነው። ወደዚህ የመጣው አሉሚኒየም ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሠራ በኋላ ነው። አሉሚኒየም ቢያጣድፉት ይችላል፤ ማግኒዝየም ግን ከተጣደፈ ቆዳው ይሰነጠቃል። ይህን ለአዲስ ገቢዎች የሚነግረውም እሱ ነበር። «ደረጃ የሚወርድ ሽማግሌ በሉት፤ ከኋላው አይገፋም» ይላቸዋል።

ሚስቱ የሞተችበት ሦስተኛ ዓመት በሞላበት ዕለት ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ መቃብሯ ዘንድ መድረስ ፈለገ። ለአካል ጉዳተኞች ተሽከርካሪ ወንበር የሚሆኑ አሥራ አራት ዘንጎች ቀርተውታል። እጁ ሳያስበው የድሮውን የአሉሚኒየም ፍጥነት ሰጣቸው። ሲወጡ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ስስ ስንጥቅ አየባቸው። አይቶም አላቆመም። በማለስለሻ ወረቀት ፈግፍጎ አጠፋው።

ተቆጣጣሪዋ ጉዎ ላንዢ ማጉያ መነጽሯን ከኪሷ እንኳ ሳታወጣ ማኅተሟን አሳረፈች። እንደ ሠራተኛው ሁሉ «ሺፉ»፣ ማለትም ነባር ባለሙያ፣ ብላ ነው የምትጠራው።

«ፔይ ሺፉ፣ የእርስዎን ዘንግ ብመረምር ሰው ይስቅብኛል። ኧረ ይሂዱ! እቴቴ ሲያረፍዱባት መች ትወድ ነበር!»

ሳቀ። ሳቁ ለራሱ ጆሮ አስጠላው።

ከስንዴው ማሳ ዳር፣ መቃብሯ ፊት ኮምጣጤ የበዛበትን ኑድል አስቀመጠላትና ለሙታን የሚላከውን የወረቀት ገንዘብ ማቃጠል ጀመረ። እንደ ልማዱ የዓመቱን ወሬ ነገራት፤ ልጃቸው መውለዷን፣ ጣሪያው መጠገኑን።

«ዛሬ ደግሞ በጊዜ የመጣሁት…»

እሳቱ ጣቱን ሲፈጀው ነው ወረቀቱን የጣለው። ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ ወደ ፋብሪካው ተመለሰ።

ሲደርስ ዘንጎቹ መኪና ላይ እየተጫኑ ነበር።

«ላንዢ፣ አስወርጂያቸው።»

«ምነው? እቴቴ አባረረችዎ እንዴ?»

«ስንጥቅ አላቸው። አይቼ የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

ጫኞቹ ዘንጎቹን መልሰው አወረዱ። ላንዢ መነጽሯን አውጥታ የመጀመሪያው ዘንግ ላይ ጎነበሰች፤ ብዙ ቆየች። የስንጥቁ ሥር እንደ ፀጉር ቀጥኖ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ቀና ስትል አልተቆጣችም።

«ማኅተሙ የእኔ ነው» አለች ብቻ።

አሥራ አራቱንም እሱ ራሱ፣ እሷ ፊት፣ በመጋዝ ቆራረጣቸው።

ከዚያ ወዲህ ላንዢ ሰው ሁሉ እያየ በመጀመሪያ የምትመረምረው የእሱን ዘንጎች ሆነ። እሱም ኮፍያውን አውልቆ አጠገቧ ይቆማል። ከወራት በኋላ አንድ ቀን መነጽሯን ልትከት አለች።

«ይበቃል፣ ፔይ ሺፉ። ደህና ናቸው።»

«አንድ ቀርቷል» አላት፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «እሱንም እዪው።»