ጥሩሬ የት ይኖራል? ብረት ለባሹን እንስሳ ፍለጋ በመቐለ

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ወልዲያ

ከመናኸሪያው ስንነሣ ጨለማው ገና አልለቀቀም፤ ዶሮዎቹ ራሳቸው በግምት ነው የሚጮኹት። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ በዕድሜ ይበልጠኛል። በሩ የሚዘጋው በጸሎት፣ የሚከፈተው በገዛ ፈቃዱ ነው። ከጎኔ የሽንኩርት ጆንያ፣ ከኋላዬ እንደ ወፍጮ የሚያንኮራፋ ነጋዴ፣ ከእግሬ ሥር ደግሞ እግሯ የታሰረ ዶሮ፤ ከሁላችንም የሚሻል ቦታ የደረሳት እሷ ናት።

የምሄደው መቐለ ነው። ሰው መቐለ ለንግድ ይሄዳል፣ ለዘመድ ይሄዳል፣ ለለቅሶ ይሄዳል። እኔ የምሄደው የሌለ እንስሳ ልፈጥር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰይድ የሚባል አብሮ አደግ አለኝ። ከወሎ ወጥቶ መቐለ ከከተመ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ሥራው የግቢ በር መበየድ ነው። በሰይድ በሮች ላይ አበባ አለ፣ ኮከብ አለ፣ የወይን ሐረግ አለ። አንበሳ የለም፤ እርግብ እንኳ የለችም። ነፍስ ያለው ነገር ምስል አይሠራም፤ ሃይማኖቱ ነው። "አንበሳ የፈለገ ማዶ ያለው በያጅ ጋ ይሂድ" ይላል። ደንበኛውም ይሄዳል።

አሁን ግን የሱቁ አከራይ አደይ ለተብርሃን (አደይ እናቴ ማለት ነው) እሑድ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። አዲሱን የግቢ በር ያዘዙት ሰይድን ነው፤ በሩ ላይም አንድ አውሬ እንዲቀመጥ ይፈልጋሉ። አደይን እምቢ ማለት አይቻልም። በዚያ በክፉው ጊዜ የሰይድን ልጆች ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ትሪ ያበሉ ሴት ናቸው። ሰይድ እምቢ ቢል ውለታ ቢስ ሊሆን ነው፤ እሺ ቢል ከፈጣሪው ሊቀያየም። እንቅልፍ አጥቶ አጥቶ ደወለልኝ።

"ስማ አንተ ቀጣፊ" አለኝ። "አንበሳን አላህ ፈጥሮታል፤ የእሱን ሥራ አልኮርጅም። አንተ የምትቀባጥረው አውሬ ግን ነፍስ የለው፣ ዘር የለው። የትም የማይኖር አንድ አውሬ ዋሽልኝ። ዕድሜህን ሙሉ ስትዋሽ ለማንም አልጠቀምክ፤ እስቲ እኔን ጥቀመኝ።"

እንዲህ ያለ የክብር ጥሪ ደርሶኝ አያውቅም።

ረፋዱ ላይ፣ ከአላማጣ ሽቅብ

የግራካሱ ዳገት ይጠማዘዛል ስላችሁ፣ የራሳችንን የኋላ ታርጋ በፊት መስኮት አንብቤዋለሁ። ከላይ ኮረም ብርዱን ይዞ ይጠብቃል፤ ሰላምታዬ ከአፌ ወጥቶ በረዶ ሆኖ ጭኔ ላይ ወደቀ። ሐሸንጌ ሐይቅ በስተግራ ያብረቀርቃል።

"ወዴት ነህ ሓወይ?" አለኝ ሹፌሩ። ሓወይ ወንድሜ ማለት ነው፤ ከአላማጣ ወዲያ ሁሉም ወንድም ነው።

"ጥሩሬ ፍለጋ" አልኩት። ስሙ እዚያው፣ ሐይቁ ዳር ተወለደ።

"ጥሩሬ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ጥሩር የጥንት ጦረኛ የሚለብሰው የብረት ልብስ አይደል? ጥሩሬ ከነጥሩሩ የሚወለድ እንስሳ ነው። ቁመቱ አህያ ያህላል። ጀርባው ላሜራ በላሜራ የተደራረበ ነው፤ ሲያስነጥስ እንደ ደወል ያስተጋባል። ምግቡ የዛገ ሚስማር ነው፤ አዲስ ሚስማር ያቃጥለዋል።"

"ዋእ! ይናከሳል?"

"ኧረ! ዓይን አፋር ነው።"

"ታዲያ ብረቱ ለምኑ ነው?"

"ዓይን አፋር ስለሆነ ነዋ።"

ሹፌሩ ሁለት ጠመዝማዛ አዞረ። ከዚያ "የሚስቴ ወንድም ልክ እንደዚህ ነው" አለ።

ማይጨው ላይ ሽሮ በላን። ዋጋውን ስሰማ ሽምብራውን ያረሰውን በሬ አብረው የሚሰጡኝ መስሎኝ ዞር ብዬ ጠበቅሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ የሰይድ ሱቅ

መቐለ በፀሐይ፣ በነፋስና በባጃጅ ተቀበለችኝ። የሰይድ ሱቅ ከአደይ ለተብርሃን ግቢ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ደጁ ላይ ቱቦላሬ ብረት ተደርድሯል፤ ላሜራው ግድግዳውን ተደግፏል፤ ሰይድ የብየዳ ጭምብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። ተቃቅፈን ትከሻ ለትከሻ ተላተምን፤ የእሱ ትከሻም ብረት ሆኗል።

የአደይ ግቢ በር ሊሆን የሚገባው ቦታ ላይ አንድ ቆርቆሮ በሽቦ ታስሯል። የድሮው በር የት ገባ ብዬ አልጠየቅሁም። በዚህ ከተማ የድሮ በር አይጠየቅም።

አደይ ቀጭን ናቸው፤ ነጠላቸው ከእሳቸው ይከብዳል። አማርኛቸውን ከሐ እና ከዐ ጋር አሟልተው ነው የሚናገሩት፤ እኛ ወሎዬዎች የጣልናቸውን ፊደላት እሳቸው አንስተው ያስቀመጡልን ይመስላል።

"ወደይ፣ ልጄ፣ አንበሳ አልፈልግም" አሉኝ። "ብረት የለበሰ ነገር በዚህ ደጅ ሲያልፍ ብዙ አይተናል። ሁሉም ይናከሳል። የማይናከስ ካለ እሱን አምጣልኝ። በሬን ይጠብቅ፤ ግን ማንንም አይንካ።"

ጥሩሬን በአጭሩ ነገርኳቸው። ማለት የነገርኳቸው በአጭሩ ነው፤ የቆየሁት ግን እስኪመሽ ነው።

"የት ነው የሚኖረው?"

"ገና እያጠናሁ ነው አደይ። አጥንቼ እነግርዎታለሁ።"

ሰይድ ከጎኔ በክርኑ ጎሸመኝ፤ የትም አይኖርም በል ማለቱ ነበር። እኔ ግን ሙገሳ መሰለኝ።

ረቡዕ፣ እንዳ ኢየሱስና ዓዲ ሓቂ

ኪሮስ የተባለ ባጃጅ ነጂ ለቀኑ ያዝኩ። ኪሮስ የሰማውን ሁሉ ያምናል፤ ያመነውን ሁሉ ደግሞ ለሚቀጥለው ተሳፋሪ ይናገራል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

እንዳ ኢየሱስ ኮረብታው ላይ ተማሪዎች ደብተራቸውን ታቅፈው ወደ ዩኒቨርሲቲው ሽቅብ ይሄዳሉ፤ የአሮጌው ምሽግ ድንጋይ ከላይ ያያቸዋል። እዚህ የደጋውን ጥሩሬ አገኘሁት፤ ማለት ፈጠርኩት። ከምሽጉ ግንብ ሥር ይተኛል። ነፋስ በቅርፊቱ ስንጥቅ ሲገባ ያፏጫል። "ይሄ የሚያፏጨው ምንድን ነው እያልኩ ስጨነቅ የኖርኩት!" አለ ኪሮስ፤ ባጃጁን አቁሞ አዳመጠ። ያፏጭ የነበረው የባጃጁ ሸራ ነው።

ዓዲ ሓቂ ስንወርድ አንድ የተማሪ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ አዘዝኩ። ዙሪያውን የኪራይ ክፍሎች፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የተሰጣ ካልሲ። የከተማው ጥሩሬ መኖሪያ ጣሪያ ላይ መሆኑን አበሰርኩ። ቀትር ላይ ቆርቆሮው የሚንጣጣው ከሙቀት የተነሣ ነው ትላላችሁ? አይደለም፤ ጥሩሬ ተነሥቶ እየተንጠራራ ነው።

"ለካ ማንኪያዬን የበላብኝ እሱ ነው!" አለ አንዱ ተማሪ።

"ማንኪያህንስ የወሰድኩት እኔ ነኝ" አለ ክፍል ተጋሪው። "ሹካህን ግን አልነካሁም። ሹካውን እሱ ይሆናል።"

በረንዳው በሳቅ ተሞላ። እኔም ሞቅ አለኝ። ዓይን አፋር ስለሆነ የሚያገባው በሽማግሌ ነው አልኩ። ጥሎሹ አንድ ጆንያ ብሎን ነው አልኩ። ሰው ሲስቅልኝ ማቆሚያ የለኝም፤ ፍሬኔ ተበጥሷል።

ሐሙስ፣ ቃላሚኖ፣ ከዚያም ሩጫ

ቃላሚኖ ጎበዝ ተማሪዎች የሚገቡበት አዳሪ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር ነው፤ እዚያ ጥሩሬም ፈተና አልፎ ነው የሚገባው ልል አስቤ ነበር። ግን ቀድሞኝ ደርሷል። አንዲት የወሎ ቲማቲም ነጋዴ ገና "እንደምን አደርሽ" ስላት ድምጿን ቀነሰች።

"ወንድምዬ፣ እንግዳ ነህ መሰል። ሚስማር ደጅ እንዳታሳድር። ብረት የሚበላ እንስሳ ገብቷል። ትናንት ማታ አጥሬን ሲልሰው በጆሮዬ ሰማሁት፤ ወላሂ!"

"እህቴ፣ እሱን እኮ የፈጠርኩት እኔ ነኝ።"

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና "አስተግፊሩላህ! ቲማቲም ትገዛለህ ወይስ ትክዳለህ?" አለች።

ገዛሁ። ቲማቲሜን እንደያዝኩ ወደ ሰይድ ሱቅ በረርኩ፤ ደረስኩ፤ ዘገየሁ። ኪሮስ ባጃጁን ደጁ ላይ አቁሞ ይተርካል። መሬት ላይ በሩ ተጋድሟል፤ በሩ ላይ የጥሩሬ ጀርባ ላሜራ በላሜራ ተደራርቦ፣ አራት እግሩ ቆሞ፣ ራሱ ብቻ ቀርቷል። እውነቴን ነው፣ ያማረ ሥራ ነበር።

"አንዷ ደግሞ እርጉዝ ናት" እያለ ነበር ኪሮስ። "እንዳ ኢየሱስ አካባቢ ያዩዋት አሉ። ሆዷ መሬት ሲነካ ብልጭታ ይወጣል አሉ።"

ሰይድ ጭምብሉን ቀስ ብሎ አነሣ።

"ዘር የለውም አላልኩህም?"

"ሰይዴ፣ እርግዝናውን እኔ አልተናገርኩም። የተናገርኩት ጋብቻውን ብቻ ነው።"

"አጋባኸው! ዳርከው! አንተ ሰው፣ ነፍስ ዘራህበት እኮ! ይኸው ከተማው ሙሉ አየሁ ይላል። የትም የማይኖር አልኩህ፤ ሰፈር በሰፈር አከራየኸው!"

"ውሸት ነው በላቸዋ።"

"አንተ በላቸው!"

ወጥቼ ተናገርኩ። በመቐለ ሰማይ ሥር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያልሠራሁትን ሠራሁ፤ እውነቱን ተናገርኩ። ሕዝቡ ሳቀ። "ይሄ ሰውዬ ቀልደኛ ነው" አሉ። ኪሮስ ብቻ አዘነልኝ። "ፈርቶ ነው" አላቸው።

ሰይድ ማሽኑን ነቀለ፤ የብየዳውን ገመድ ጠቀለለ። "ራሱን አልሠራም" አለ። "አደይን እንዴት ብዬ ዓይናቸውን እንደማይ ግን አላህ ያውቃል።"

ዓርብ፣ የአደይ ግቢ

ግቢው ድንኳን እየተከለ ነው። ወንበር ይወርዳል፣ ድስት ይታጠባል፣ ሁሉም ሰው ሌላውን ያዛል። በሩ ብቻ የለም። ሰይድ ባርኔጣውን ጨምድዶ ይዞ አደይ ፊት ቆመ፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና እኔም ከኋላው ቆምኩ።

"አደይ፣ እርስዎ እናቴ ነዎት" ብሎ ጀመረ። "ልጆቼን ያበሉበትን እጅ አልረሳም። አውሬውን ግን መጨረስ አልቻልኩም። ነፍስ ያለው ሆነብኝ። ሌላ በያጅ ይጨርሰው፤ ብረቱን ከነድካሜ ልተወው።"

አደይ ነጠላቸውን አስተካከሉ። መልሳቸውን መጠበቅ አልቻልኩም፤ ዘው አልኩ።

"እንግደለው! ትናንት ሞተ እንበል። ሁሉም እንዲያምን አደርጋለሁ።"

"ዋይ ኣነ! በልጄ ሠርግ፣ በበሬ ላይ ሬሳ?" አሉና በነጠላቸው ጫፍ መቱኝ። ከዚያ ወደ ሰይድ ዞሩ። "ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም? ከፈጣሪህ ጋር ላጣላህ ነው እንዴ ያበላኋቸው?"

አደይ ተነሥተው እስከ ሱቁ ሄዱ፤ እኛም ተከተልን። ራስ ያጣውን ጥሩሬ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ላሜራውን አንድ በአንድ።

"ልብሱ አልቋል፤ አይደል?" አሉ።

"ልብሱማ አልቋል። የቀረው ራሱና ዓይኑ ነው።"

"እሞ፣ በአባቴ ቤት ሠርግ ሲሆን መሣሪያ የያዘ እንግዳ ደጅ ላይ ሰቅሎ ነበር የሚገባ። ማንም ብረቱን ይዞ ማዕድ አይቀርብም። ይሄ የጓደኛህ እንስሳስ ከማን ይበልጣል? ያውልቅ እንጂ!"

ሰይድ ቀና አለ። "ማለት... ልብሱ ብቻ?"

"ልብሱ ብቻ። ተሰቅሎ።"

"እግሮቹንስ?"

"የእግር ልብስ አድርጋቸው። ሱሪ እኔ ላስተምርህ?"

ሰይድ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ መቐለ ከገባሁ መጀመሪያዬ። ማሽኑን ሰካ። ቀኑን ሙሉ አራቱን እግሮች ቆርጦ፣ ባዶ ቱቦ አድርጎ፣ ከጀርባው ጎን እንደ ሱሪ አንጠለጠላቸው። ራሱ ሊሆን የነበረው ቦታ ላይ የብረት ቆብ ሰቀለ፤ ውስጡ ባዶ። ከዚያ ማንም ሳያዘው ከጎኑ የብረት ማንጠልጠያዎች በየደ፤ አምስት ስድስት ይሆናሉ።

"እነዚህስ ለምን?" አልኩት።

"አንድ እንግዳ ብቻ ነው እንዴ የሚመጣው?"

እሑድ

በሩን ቅዳሜ ሰቀልነው። ሲከፈት አይጮኽም፤ እንዲያውም ከእኔ በቀር በዚያ ግቢ የሚጮኽ ነገር አልነበረም።

የሙሽራው ወገኖች ከራያ በኩል መጡ። መኪኖቹ ጡሩንባቸውን እየነፉ ሰፈሩን ዞሩት፤ ሴቶቹ እልል አሉ። አደይ በአዲሱ በራቸው መካከል ቆመው አንድ በአንድ ይቀበላሉ። ከሽማግሌዎቹ ፊት ፊት የሚሄዱት አዛውንት ነበሩ፤ በዚያ ፀሐይ የወታደር ካፖርት እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ከየት እንዳመጡት አልተናገሩም፤ ያላወለቁት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም የጠየቀ አልነበረም። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው የተሰቀለውን ብረት፣ ባዶውን ቆብ፣ የተንጠለጠለውን ሱሪ አዩት።

"ይሄ የማን ነው?"

"የእንግዳ ነው አባት" አሉ አደይ። "ቀድሟችሁ ገብቷል። እየበላ ነው።"

እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ምን እንደሚበላ፣ ስንት ሳህን እንደጨረሰ ላብራራ። ሰይድ እግሬን ረገጠኝ።

አዛውንቱ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ የካፖርታቸውን ቁልፍ ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ፈቱ፤ አወለቁት፤ በቱቦው ሱሪ አጠገብ ባለው ማንጠልጠያ ላይ ሰቀሉት። በሸሚዝ ብቻ ሲቀሩ ትከሻቸው ጠባብ ነበር። አደይ ክንዳቸውን ይዘው ወደ ድንኳኑ አስገቧቸው።